ስለ ኦቦ ዲንቃ ማን ያውራ

የኦቦ ዲንቃን ማረፍ የሰማሁት አኖ የምትባል ከተማ ላይ ነው። አስፋልት ዳር ከሰል ከሚሸጡ ሰዎች ጋር ስለ ንብ ቀፎ እየተከራከርኩ ስልኬ ጠራ። ገነት ነበረች፣ የገበሬዎቹ ዩኒየን ባልደረባ። ገነት ስልክ ስትደውል ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ ወደ ጉዳይዋ የምትገባ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ሰላምታዋን እስከ መጨረሻው አደረሰች። ከዚያ "ኦቦ ዲንቃ አረፉ" አለችኝ።

"የትኛው ኦቦ ዲንቃ?" አልኳት። እኔና እሷ የምናውቀው ኦቦ ዲንቃ አንድ ብቻ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ግን ሟቹ ሌላ እንዲሆንለት ይመኛል።

"ምን ሆነው?"

"ታመው ነበር አሉ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ ምን አውቄ? አንተም አታውቅም?"

አላውቅም ነበር። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ብንደዋወልም የሚያውቅ አልተገኘም። ከጉቴ እስከ ኑኑ ቁምባ የማን ቀፎ ንብ እንደ ገባበትና የማን ባዶ እንደ ሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ በየወሩ መሃላችን ተቀምጠው ስብሰባውን የሚመሩት ሰውዬ መታመማቸውን አላወቅንም። ከሞታቸው እኩል ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለ ሥራችን ጥቂት ካላልኩ የሰውዬው ነገር አይገባም። እኛ "ድርጅት" የምንባለው ነን። መንግሥትም አይደለንም፣ ገበሬም አይደለንም። ከላይ ጥናትና ገንዘብ አለ፣ ከታች ገበሬውና መሬቱ አለ፤ እኛ መሃል ቆመን ከወዲያ የመጣውን ወዲህ እናቀብላለን። ዓላማችን ከሰል አክሳዩ ማር ሻጭ እንዲሆን፣ የተራቆተው ኮረብታ ደን እንዲለብስ፣ ማጀት ውስጥ ያለው ምድጃ ትንሽ እንጨት እንዲበላ ነው። ነቀምቴ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ነበርን፤ ኦቦ ፊጤ የሚመሩት የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል፣ ገነት ያለችበት ዩኒየን፣ እኔ ተቀጥሬ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁበት የበጎ አድራጎት ድርጅት። ሦስታችንም አንድ ነገር እንፈልግ ነበር። ሦስታችንም ሌሎቹ ሁለቱ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ አንፈልግም ነበር።

ጉቴ አጠገብ ጋራ ቡርቃ የሚባል ኮረብታ አለ። ቡርቃ ማለት ምንጭ ነው፤ ከሥሩ ምንጭ ነበረውና። ዛፉ ለከሰል ሲያልቅ ምንጩ ደረቀ፤ የመንደሩ ሴቶችም ወንዝ ድረስ መውረድ ጀመሩ። አንድ ክረምት የልማት ክፍሉ ምእመናን አሰልፎ ችግኝ ተከለበት። ሣር ዋጠው፣ የተረፈውን ከብት በላው። በሚቀጥለው ክረምት ዩኒየኑ መጥቶ በዚያው ጉድጓድ ተከለ። በሦስተኛው ክረምት እኛ ባለ አርማ ቲሸርት ለብሰን ደረስን፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ስላገኘነው እንዴት ደስ እንዳለን! ይህን የቆፈረው ማን ነው፣ የተከለውስ ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ተክለን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ታፔላ አቁመን ወረድን።

የጠየቁት ኦቦ ዲንቃ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው እዚያው ከኮረብታው ሥር ነው። ወንዝ ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ባለቤታቸው አዴ ሌንሴ ነበሩ። አንድ ቀን ነቀምቴ መጥተው ሦስቱንም ቢሮ በተራ አንኳኩ፤ "ኮረብታዬ ላይ እየተገናኛችሁ ከተማ ላይ የማትተዋወቁት ለምንድን ነው?" አሉን። እንዴት እንዳደረጉት ዛሬም አይገባኝም፤ ዓመት ሳይሞላ ሦስታችንን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው አስተባባሪ ሆኑብን። ጠረጴዛው የልማት ክፍሉ፣ የምንሰበሰብበት ቤት የዩኒየኑ መጋዘን፣ ወንበሩ የእኛ ነበር። "ማናችሁም ብትኮርፉ ስብሰባው ቆሞ ወይም መሬት ተቀምጦ ይቀጥላል" ይሉን ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ የጎበጠ ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸውን ሲናደዱ ወደ ፊት፣ ሲደሰቱ ወደ ማጅራታቸው ይገፉታል። ገና ከመግባታችን ባርኔጣቸውን አይተን የቀኑን አየር እንገምት ነበር። ቦርሳቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ አይጠፋም። የመምህርነት አመላቸውም አልለቀቃቸውም። እኔን መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሰላምታ ነው።

"ያ ጉርባ፣ አካም ጅርታ?" አሉኝ፣ አንተ ልጅ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው።

"ደህና ነኝ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?" ብዬ መልሱን ሳልሰማ አልፌ ልቀመጥ ስል እጄን ያዙኝ።

"ጠየቅከኝ እኮ! ጠይቀህ ትሄዳለህ እንዴ? ቁም፣ ልመልስልህ። ነጋ ዳ። ከብቶቹም ነጋ። ሌንሴም ነጋ። አሁን ተቀመጥ።"

ነጋ ሰላም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። እሳቸውም በየወሩ "ነጋ ዳ" ይሉኛል፤ በመጨረሻዎቹ ወራትም ያንኑ ብለውኛል።

ስብሰባቸው እንደ ሌላው ስብሰባ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ሪፖርታችንን አዘጋጅተን ነበር። ኦቦ ፊጤ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የልማት ክፍላችን በዚህ ሩብ ዓመት..." ብለው ሲጀምሩ ኦቦ ዲንቃ መዳፋቸውን አነሡ።

"ስለ ራስህ አይደለም። ስለ ገነቶች ተናገር።"

"ስለ ዩኒየኑ? እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እንግዲያው ገነት ስለ ጎጃሜው ልጅ ድርጅት ትንገረን።"

ገነት ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ነቀምቴ የወለዷት፣ በሁለት ቋንቋ የምትቀልድ ሴት ናት። "ቲሸርታቸው ያምራል። ከዚያ ውጪ የማውቀው የለም" አለች። ሁላችንም ሳቅን። ኦቦ ዲንቃ ግን ባርኔጣቸውን ወደ ፊት ገፉት።

"እኛ አገር ልጅ ሲዳር አባት ስለ ልጁ አይናገርም" አሉ። "ልጄ ጨዋ ናት፣ ልጄ ጎበዝ ነው የሚልን አባት ማን ያምናል? የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ለመመስከር ገብቶ ማየት አለበት። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማንም ስለ ራሱ አያወራም። ሂዱና ተያዩ፤ በወሩ እንገናኝ።" ጸልየው በተኑን። ስብሰባው የሻይ ውሃ እስኪፈላ እንኳን አልቆየም።

መጀመሪያ አኮረፍን። ኋላ ግን መሄድ ጀመርን፣ ምክንያቱም በሰው ፊት "አላየሁም" ማለት ያሳፍራል። እኔ የልማት ክፍሉን ሥራ ለማየት ብዬ ጉቴ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ከሦስት ድርጅት ሦስት እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ተሰጥቷቸው ነበር። አንዱ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች፣ አንዱ ላይ ጨው ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ተሰንጥቋል። ምግብ የሚያበስሉት በሦስት ጉልቻ ነው። "ለምን?" ብላቸው "ሲሰነጠቅ የሚጠግን የለማ" አሉኝ። ያንን ስናገር ኦቦ ፊጤ አልተቆጡም፤ የእኔም ምድጃ ከዶሮዋ ሥር ነበርና። በሚቀጥለው ወር ሦስታችን ተመካክረን ምድጃ ማደሉን ትተን፣ የማንንም ድርጅት ምድጃ የሚጠግኑ ሴቶች አሠለጠንን። ኦቦ ዲንቃ ባርኔጣቸው ማጅራታቸው ላይ ሊወድቅ ደርሶ "ሃርኪ ወል ዲቄ ፉላ ዲቃ" አሉ። እጅ እጅን አጥቦ ነው ፊትን የሚያጥበው፣ እንደ ማለት ነው።

ተረት የሚወዱ ቢሆኑም "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲባል ግን ደማቸው ይፈላ ነበር። በየሥልጠናው ሁሉም ይለዋል። "አንበሳውን ማን አመጣው? እኔን ያስቸገረኝ ሣር ነው!" ይላሉ። ከሰል ሻጮችን የሚገሥጽ ባለሙያ ሲያዩም አይወዱም ነበር። አኖ ላይ አንዱን ስቆጣ ሰምተው ትከሻዬን ነካ አድርገው "ያ ጉርባ፣ ሰውዬው እራቱን ነው የያዘው። መጀመሪያ ሌላ የሚሸጠው ስጠው፣ ከዚያ ተቆጣው" አሉኝ። ለዚህ ነው የሞቱ ቀንም አኖ ላይ ስለ ቀፎ ስከራከር የነበርኩት።

የታፔላውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኮረብታው ላይ የሦስታችን ታፔላ ቆሞ ሳለ የማን ከፊት ይሁን በሚል ኦቦ ፊጤና ገነት ሰላምታ እስኪነፋፈጉ ተጣሉ። ኦቦ ዲንቃ ለማንም ሳይፈርዱ ሦስቱንም አስነቀሉና ለኮረብታው ዘበኛ የጎጆ ጣሪያ አደረጓቸው፤ ጽሑፉንም ወደ ውስጥ አዞሩት። "ዘበኛው ተጋድሞ ያንብበው፣ ሌላ አንባቢ የላችሁም" አሉ። ገነት ከሳቋ ብዛት ተቀመጠች። ኦቦ ፊጤም በመጨረሻ ሳቁ። ታርቀው ወረዱ።

አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ተከላ ሲታቀድ፣ ቀኑ ሲቆረጥ፣ ችግኙ ዋንዛ ይሁን ብሳና ተብሎ ሲወሰን፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ልንነሣ ስንል "ማን ያርማል?" ይላሉ። ለተከላ በጀት ይገኛል፤ ለአረም የሚሰጥ የለም። ለተከላ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ለአረም የሚመጣ የለም። እኛም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረን፦ "ኅብረተሰቡ ያርማል።"

"ኅብረተሰብ የሚባል ሰው እኛ ሠፈር አላውቅም። የአባቱ ስም ማን ነው?" ይሉ ነበር።

እንስቃለን። እሳቸውም ይስቃሉ። የሚገርመው ግን ካቻምና ሦስታችን አንድ ላይ ተክለን፣ አጥር አጥረን፣ በጥቅምት ስናይ ኮረብታው በእርግጥ ታርሞ አገኘነው። በየችግኙ ሥር ሣሩ ታጭዶ እንደ ጉዝጓዝ ተነጥፏል። በዚያ ወር ስለ እኛ ድርጅት የመናገር ተራ የኦቦ ፊጤ ነበር። "ኅብረተሰቡ አርሞታል፣ በዓይኔ አይቼ ነው የምመሰክረው" አሉ። ጨበጨብን። ኦቦ ዲንቃ አላጨበጨቡም። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሲያዩት ትዝ ይለኛል። ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮም ክረምቱ ገባ፣ እንደገና ተከልን። ነሐሴ ላይ ስብሰባው ኮረብታው ላይ ሲደረግ ኦቦ ዲንቃ ኮረብታው ወገብ ላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ እንጂ ከእኛ ጋር አልወጡም። "ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ" አሉን። እኛም ወጣን። መስከረም ሳያልቅ አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ሕዝቡ ከመቃብር ቦታው አልፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር። መዘምራኑ በኦሮምኛ ሲዘምሩ እኔ ግማሹን ብቻ እየሰማሁ ሙሉውን አለቀስኩ። ሦስቱ ድርጅቶች ሦስት የአበባ ጉንጉን ይዘን መጣን፤ በእያንዳንዱ ላይ ስማችን በትልቁ ተጽፏል። ገነት አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ባርኔጣው ቢኖር ወዴት እንደሚገፋ ሁለታችንም አውቀናል።

ከሳቸው በኋላ የመጀመሪያው ስብሰባ ጥቅምት ላይ ተደረገ። ወንበራቸውን ማንም አልተቀመጠበትም። ስለ ጎረቤት መናገሩ የዚያን ቀን ቀረ፤ ሁሉም ስለ ራሱ ማውራት ጀመረ፣ በተለይም በስማቸው ሊያደርግ ስላሰበው። ኦቦ ፊጤ የልማት ክፍሉ በሚመጣው ክረምት "የኦቦ ዲንቃ መታሰቢያ ተከላ" ሊያካሂድ ማቀዱን ተናገሩ። ገነትም ዩኒየኑ ያንኑ ወስኗል አለች። የእኔ አለቃ ከአዲስ አበባ የላኩልኝ ሐሳብም እሱው ነበር። ሦስት ተከላ፣ በሦስት የተለያየ ቀን፣ በአንድ ኮረብታ። ፈቃዳቸውን ለመጠየቅ አዴ ሌንሴን ጠርተናቸው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሻሽ አስረው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ሁሉንም ሰሙ። ሲያልቅ ኦቦ ፊጤ "አዴ ሌንሴ፣ ይመርቁን" አሏቸው።

ተነሡ። "አማርኛዬ ትንሽ ናት፣ ታገሡኝ" አሉ። "ዲንቃ ከስብሰባ ሲመለስ እጠይቀው ነበር። ዛሬ ማን ስለ ማን አወራ? ይነግረኛል። ፊጤ ስለ ገነት፣ ገነት ስለ ልጁ። ስለ አንተስ ማን አወራ? ስለው ይስቃል። እኔ መሃል ነኝ፣ መሃል ያለ ሰው ጎረቤት የለውም ይለኛል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ስለዚህ እኔ ላውራ።"

ሻሻቸውን አጠበቁና ቀጠሉ።

"ካቻምና የታረመውን እኔና እሱ ነን ያረምነው። አትንገሪ አለኝ፣ አልተናገርኩም። ዘንድሮ በሰኔ ችግኝ ተሸከመ። በሐምሌ ጎኑን አመመው፣ በመቀነቴ አሰርኩለት። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት፣ መጀመሪያ አረሙ ይውጣ አለኝ። በነሐሴ ማረም ጀመረ። ከትልቁ ድንጋይ ወደ ታች ያለውን አረመ። ወደ ላይ መውጣት አቃተው። ከድንጋዩ ወደ ላይ አልታረመም። ይኸው ነው። ጨረስኩ።"

ለመቀመጥ ጎንበስ ብለው ተመልሰው ቀና አሉ። "የሚመጣውን ክረምት ተዉት። የዘንድሮውን ሣር ውጦታል። ኤኙቱ አረማ?"

ማን ያርማል ማለታቸው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ በደንብ የማይችል አንድ እኔ ነበርኩ፤ ያቺን ጥያቄ ግን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። "ኅብረተሰቡ" ያለ አልነበረም። የኅብረተሰቡን ስም አውቀነዋል፤ የቀበርነው በቅርቡ ነው። ኦቦ ፊጤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ገነት ብቻ ተነሥታ አዴ ሌንሴ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ "ማጭድ ቤትዎ አለ?" አለቻቸው።

በዚያው ቀን ሄድን። ከድንጋዩ ወደ ታች ሣሩ በነሐሴ ታጭዶ እንደገና ትንሽ አቆጥቁጧል፤ ችግኞቹ ግን አንገታቸውን አውጥተው ቆመዋል። ከድንጋዩ ወደ ላይ ሣሩ ደረታችን ይደርሳል፤ ችግኝ ያለ አይመስልም። ኦቦ ዲንቃ ማረም ያቆሙበት ቦታ ቁርጥ ብሎ ይታያል። ማሳ ላይ በሬው የወደቀበት ገበሬ ያቆመው ትልም እንደዚያ ነው። እዚያ መስመር ላይ ደርሰን ሁላችንም ቆምን፣ ከዚያ ጎንበስ አልን። ሣሩን ሲገልጡ ከሥሩ የሞተም የዳነም ይገኛል። የዳነውን ሳገኝ ኦቦ ዲንቃ "ያ ጉርባ" የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን መሃሉ ላይ የምትቀመጠው ገነት ናት። በየወሩ ስለ እሷ የሚናገር አንድ ሰው ይመደባል፤ ያየውን ብቻ ሳይሆን ጤናዋንም ጠይቆ፣ መልሱን ቆሞ ሰምቶ። ተራው የእኔ በሆነበት ወር ቤቷ ሄጄ እንዴት ነሽ ስላት "ደህና" አለችኝና ልትገባ ዞረች፤ እኔ ከደጅ አልተንቀሳቀስኩም። ተመልሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ብዙ አለቀሰች።

ምንጩ አልተመለሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአረም ስንወጣ አዴ ሌንሴ መጀመሪያ ወደ ድሮው ምንጭ ጎራ ይላሉ። መዳፋቸውን የምንጩ አፍ ድንጋይ ላይ ያሳርፋሉ፣ እርጥበት እንዳለው ያያሉ። "ገና ነው" ይሉና ማጭዳቸውን ይዘው ቀድመውን ይወጣሉ።